ብስክሌቱ ከቤት፣ ውኃው ከስምጥ ሸለቆ

ላንጋኖን ያየ ሰው ሁሉ ስለ ውኃው ቀለም አንድ ነገር ሳይናገር አይመለስም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር አካባቢ የተኛው ይህ ሐይቅ ቡናማ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠውም በውስጡ ተንሳፎ የሚቆየው እጅግ የደቀቀ ደለል ነው። ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት በመሆኑ ሲዋኙበት ገላን ያሟልጫል። ለመዝናናት የመጣ እንግዳ ይዋኝበታል እንጂ ሊጠጣው አያስብም፤ መልኩና ጣዕሙ ራሱ ይከለክለዋል። የእኛ ሥጋት ግን ከሐይቁ አይደለም። ከሐይቁ ዳርቻ አንሥቶ እስከ አዳማ ባሉት ከተሞችና መንደሮች ከጉድጓድ ተቀድቶ፣ ኩልል ብሎ በብርጭቆ ከሚቀርበውና በመልኩም በጣዕሙም ምንም ከማይነግረን ውኃ ነው። በተለይም ጤናችንን ለመጠበቅ ስንል አብዝተን ከምንጠጣው።

ነገሩን ያስነሣብን በየቤቱ ጥግ ቦታ እየያዘ የመጣው የቆመ ብስክሌት ነው። በኢንተርኔት አሠልጣኝን እያዩ ቤት ውስጥ ፔዳል መዘወር እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው ፔሎተን የተባለው ኩባንያ በስፋት ያስለመደው ዘዴ ሲሆን፣ በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሰዎችን ከየቤታቸው ባዋለ ጊዜ ዓለምን አዳረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ከዚያ ኩባንያ ውድ መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም፤ አንድ ያገለገለ የቆመ ብስክሌትና አንድ ስልክ ይበቃሉ።

ዘዴውን እንደግፋለን። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በ2024 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ ያህሉ ይህን መጠን አላሟሉም። የጅቡቲ ከባድ መኪናና ባጃጅ በሚጋፉበት የአዳማ አውራ ጎዳና ላይ ብስክሌት መንዳት ለማንም አይመከርም፤ ለሴት ደግሞ የመንገደኛው ዓይን ሌላ ሸክም ነው። ከሥራ ሲመለሱ ሊመሽ ለሚችል ሰው ሳሎን ውስጥ የቆመው ብስክሌት ሰበብ ያሳጣል። ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ያለውን ጥቅም እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ በስልኩ ውስጥ ያለው አሠልጣኝ ተማሪው የት እንደ ተቀመጠ አያውቅም። ትምህርቱ የተቀረጸው ብዙውን ጊዜ በባሕር ጠረፍ ከተማ፣ አየር በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ በታገዘ አዳራሽ፣ የቧንቧው ውኃ በየጊዜው በሚመረመርበት አገር ነው። ሦስቱም ሁኔታዎች በስምጥ ሸለቆአችን ይለወጣሉ።

ስለ ከፍታው ብዙ አንቆይም። በላንጋኖ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 17 በመቶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ነዋሪው ለምዶታል፤ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በሚታየው የአርሲ ደጋ፣ ከዚህ እጅግ በሚበልጥ ከፍታ፣ በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን አፍርታለች። ቢሆንም የባሕር ጠረፉ አሠልጣኝ «አሁን 200 ዋት አድርሱ» ሲል ቁጥሩን እንደ ትእዛዝ መቀበል አይገባም። የሚሻለው መለኪያ ንግግር ነው፦ እየዘወሩ ማውራት ቢቻል፣ መዝፈን ግን ባይቻል፣ ጫናው መካከለኛ ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ ከብዷል ማለት ነው። ይህ መለኪያ በማንኛውም ከፍታና በማንኛውም ቋንቋ ይሠራል።

ሙቀቱ ግን ሊሰላ ይገባዋል። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ 100 ዋት የሚያመነጭ ጋላቢ ሰውነቱ ውስጥ 350 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቀቃል። በ45 ደቂቃ ውስጥ ይህ 945 ኪሎ ጁል ይሆናል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ፣ ያን ሁሉ በትነት ብቻ ለማስወገድ 0.4 ሊትር ያህል ላብ በሙሉ መትነን አለበት። መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው በፍጥነቱ የራሱን ነፋስ ይሠራል፤ የቆመ ብስክሌት ግን ነፋስ የለውም። በቆዳው ዙሪያ ያለው አየር በእርጥበት ይሞላና ላቡ ከመትነን ይልቅ ይንጠባጠባል፤ ወለል ላይ የወደቀ ላብ ደግሞ ማንንም አያቀዘቅዝም። በመሆኑም ትክክለኛው የላብ መጠን ከስሌቱ በላይ ሆኖ ከግማሽ ሊትር ማለፉ የተለመደ ነው። አንዲት ርካሽ ማራገቢያ ከብስክሌቱ ፊት ማቆም ብዙ ላብ ያድናል። አየሩ ደረቅ በሚሆንበት ወራት ጥቅሟ ይበልጥ ይጎላል።

አሠልጣኙ በየአሥር ደቂቃው «ጠጡ!» ይላል። ከላይ እንዳየነው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ላይ ግን ምን እንጠጣ የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

የስምጥ ሸለቆ ወለል በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በፓሚስና ሲሊካ በበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች የተሞላ ነው። በእነዚህ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ሞቃትና አልካላይን በሆነ የከርሰ ምድር ውኃ ይሟሟል። ካልሲየም በብዛት ቢኖር ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተዋሕዶ ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆኖ ይዘቅጥ ነበር፤ የአካባቢው ውኃ ግን በሶዲየም የበለጸገ፣ በካልሲየም የደኸየ ስለሆነ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በእጥፍና ከዚያም በላይ የሚበልጥ ፍሎራይድ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በእነዚህ መጠኖች ጣዕሙም አይታወቅም። የሚያስታውቀው የልጆች የበለዘ ጥርስ ነው፤ እርሱም ዘግይቶ፣ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ።

ከባድ የጉልበት ሥራ፣ ሙቀትና እንዲህ ያለ ውኃ ለዓመታት ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ለማወቅ አዲስ ጥናት አንጠብቅም፤ ከአዳማ አጠገብ ወንጂ አለች። በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የተቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ሲጀምር በእርሻው ዙሪያ ለሰፈሩት ሠራተኞች የመጠጥ ውኃ የሚቀርበው ከጉድጓድ ነበር። በኋላ፣ ይህን ውኃ ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ ታየ፦ አንገትና ወገብ መድረቅ፣ ጎንበስ ማለት አለመቻል፣ በከፋው ደረጃ የአከርካሪ አጥንት አብጦ ሰረሰርን በመጫን እግርን ማሽመድመድ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ያሳተሟቸው ሥራዎች ችግሩን በሰፊው አስተዋውቀዋል። የአገዳ ቆራጩ በፀሐይ ሲሠራ የሚያልበው፣ ያላበውንም ያህል የሚጠጣው ማንም ሳይነግረው ነበር። በሳሎን ብስክሌት ላይ ያለው ሰው ላብ ከቆራጩ ጋር አይወዳደርም፤ የፊዚዮሎጂው መንገድ ግን አንድ ነው።

ቁጥር እናስገባበት። በሊትር 4 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ካለው ጉድጓድ በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ ሰው 8 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ልምምድ ጀምሮ ሦስት ሊትር ቢያደርሰው 12 ይሆናል፤ የሻዩንና የምግቡን ሳንቆጥር። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የተደረገው ግምገማ በ2002 እንዳመለከተው፣ በቀን ከ6 ሚሊ ግራም ገደማ በላይ የአጥንት ጉዳት ሥጋት መጨመሩን የሚጠቁሙ መረጃዎች አሉ፤ 14 ሚሊ ግራም ላይ ሥጋቱ ግልጽ ነው። አዋቂ ሰው ከሚወስደው ፍሎራይድ ግማሽ ያህሉ በአጥንት ውስጥ ይቀራል፤ በማደግ ላይ ባለ ልጅ ከዚያም ይበልጣል። ያው ጄሪካን ለልጁም ይቀዳለታል። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቋሚ ጥርሶቹ በድዱ ውስጥ እየተሠሩ ስለሆኑ የመበለዙ አደጋ የሚደርሰው በዚያው ዕድሜ ነው። እንግዲህ የአባትየው አዲስ ልማድ «ውኃ ጠጡ» የሚል የቤት ደንብ ሆኖ ወደ ልጆቹ ሲተላለፍ፣ መልካሙ ምክር የተሳሳተ ጉድጓድ ላይ ያርፋል።

ከአንባቢ የሚነሣው የመጀመሪያ መልስ «እኛ እናፈላዋለን» የሚል እንደሚሆን እንገምታለን። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። በጨርቅ፣ በአሸዋ ወይም በተለመደው የሸክላ ማጣሪያ ማጥለልም አይረዳም። የሚሠሩት ዘዴዎች የታወቁ ናቸው፦ በአሉምና በኖራ አዝቅጦ ማጣራት (ሕንድ ውስጥ ባለች ከተማ ስም የናልጎንዳ ዘዴ ይባላል)፣ የከብት አጥንት ያለ በቂ አየር ተቃጥሎ በሚገኘው ከሰል ማሳለፍ፣ ወይም በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራ መሣሪያ። የአጥንት ከሰል ርካሽና ውጤታማ ነው፤ «በጾም ቀንስ?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ቤት ቢነሣ ግን ልንደነቅ አይገባም፤ ጥያቄውን ማጥላላትም ዘዴውን አያስፋፋም። ከሁሉ የቀለለው በክረምት ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ፍሎራይዱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ እርሱን ግን አፍልቶ መጠጣት ይገባል። የታሸገ ውኃ የሚገዛም በመለያው ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድ መጠን ያንብብ። በአዳማ ከተማ የቧንቧው ውኃ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የሚጣራ ስለሆነ ሥጋቱ በይበልጥ የሚመለከተው ቧንቧ ያልደረሰውን፣ ወይም ቧንቧው ሲጠፋ ወደ ጉድጓድ የሚዞረውን ነው።

እንዲህ መጻፋችን ሰዎችን ከብስክሌቱ ያወርዳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእኛ አስተያየት አያወርድም። ማንም ልምምዱን ይተው አላልንም፤ ውኃ ይቀንስም አላልንም፤ በሙቀት ያላበ ሰው ጥሙን መከተል አለበት። አሠልጣኙ ባዘዘው ቁጥር መጠጣት ግን ግዴታ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ውኃ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ራሱ አደጋ ይሆናል። ለ45 ደቂቃ የሳሎን ልምምድ ጥም በቂ መሪ ነው። ጠዋት በማለዳ መዘወርና ማራገቢያዋን ማብራት ላቡንም ጥሙንም ይቀንሳሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበን ይህን ሁሉ ለጋላቢው የሚነግረው የሌለ መሆኑ ነው። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ግማሽ ጊጋ ባይት ወይም ከዚያ በላይ ይበላል፤ የዳታ ሒሳቡን ከፍሎ የሚያየው ትምህርት ደግሞ ስለ አዳማ፣ ስለ መቂ፣ ስለ ባቱ ወይም ስለ አርሲ ነገሌ ውኃ አንዲት ቃል አይተነፍስም። አንድ የልምምድ ትምህርት ሲፈታ «አምስት ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ሁለት ደቂቃ ጠንከር፣ ሁለት ደቂቃ ቀለል» የሚል ዝርዝርና ጥቂት ሙዚቃ ነው። ይህን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በድምፅ ብቻ ቀርጾ፣ አንዴ አውርደው ደጋግመው እንዲጠቀሙበት ማድረግ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው፤ በመካከሉም የውኃውን ነገር በአንድ ደቂቃ ማስገባት ይቻላል። በአዳማና በሐዋሳ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ከማንም የቀረቡ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ለኬሚስትሪ ክፍሎች ነው። የፍሎራይድ መጠን በአዮን መራጭ ኤሌክትሮድ በደቂቃዎች ውስጥ ይለካል። መሣሪያው ለጥናትና ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ከሚቀመጥ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ለነዋሪው ክፍት ቢሆን በአንድ ዓመት ውስጥ የየቀበሌውን ጉድጓድ የሚያሳይ ካርታ ይገኝ ነበር። ነዋሪው ማምጣት ያለበት በዚያው ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ መስታወት ከፍሎራይድ ጋር ሊዋሐድ ስለሚችል አይመረጥም። በጠርሙሱ ላይ የጉድጓዱ ሥፍራና የተቀዳበት ቀን ይጻፍ፤ በቤቱ ከስምንት ዓመት በታች ልጅ ካለም ይጠቀስ፤ ወረፋው ከእነርሱ ይጀመር።