ውሃ የሚመልስ ቅብ ጥናት ከሌሞ ጓዳ ቢጀምር

አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ እንደ መጣ አይጋገርበትም፤ አስቀድሞ ይሟሻል። ምጣዱ በእሳት እየጋለ የተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሽበታል፤ ፊቱ ጠቁሮ እስኪለሰልስ ድረስ። በሌሞ ወረዳም ሆነ በሆሳዕና ከተማ ይህ ተግባር የባልትና ወግ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ በቁሳቁስ ሳይንስ ተመራማሪዎች ዘንድ እንደ ቅብ አይታይም። ይሁንና ቅብ ነው። ጥሬ ሸክላ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ የሊጡን ውሃ ይመጣል፤ ሊጡም ይጣበቃል። የጎመን ዘሩ ዘይት በግለት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ጠጣር ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። ሽፋኑ ሲሳሳ በየጋገራው በማሰሻ ይታደሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጓሮ ይገኛል። የእንሰት ቅጠል፣ ኮባው፣ ሰም ለበስ ነው። የቆጮ ጉድጓድ ውስጡ የሚለበጠው፣ ቅቤ የሚጠቀለለው፣ ዳቦ የሚሸፈነው በእርሱ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ መተካት ይኖርበታል፤ ላስቲክ በብዙ ቤት ቦታውን የወሰደውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የዓለም ኢንዱስትሪ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ቴፍሎን የተባለው ንጥረ ነገር በአሜሪካ በ1938 እ.ኤ.አ. በአጋጣሚ ከተገኘ ወዲህ፣ ፍሎሪን የያዙ ኬሚካሎች ከመጥበሻ እስከ ዝናብ ልብስና የምግብ መጠቅለያ ወረቀት ድረስ ተዳርሰዋል። ውሃንም ዘይትንም በመመለስ የሚወዳደራቸው ጥቂት ነው። ችግሩ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር እጅግ ጠንካራ ስለሆነ በተፈጥሮ ውስጥ በቀላሉ አለመፍረሱ ነው። ቴፍሎንን ለማምረት ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ፒፎአ የተሰኘው አሲድ በ2019 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት የእገዳ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ለምጣድ ደግሞ የተለየ ሥጋት አለ፤ የቴፍሎን ሽፋን ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መጎዳት ይጀምራል። የእንጀራ ምጣድ በ200 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ በመሆኑ፣ በማገዶ እሳት ላይ ያለው ልዩነት ለጥንቃቄ የሚበቃ አይደለም።

ስለዚህ ለምግብ ዕቃ የሚሆን ቅብ የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ውሃን ምን ያህል ይመልሳል?» ሳይሆን «ሲፋቅ ወዴት ይሄዳል?» የሚለውን ነው። የጎመን ዘር ሽፋን ሲፋቅ የሚገባው እንጀራው ውስጥ ነው። ይህ ግን ነባሩ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ በሚሟሽበት ጊዜ ጭስ የምትውጠው ሴት አለች፣ በዘይቱ ግለት የሚፈጠሩት ውህዶችም መለካት ይገባቸዋል።

ለመነሻ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የውሃ ጠብታ በመርፌ አንጠባጥቦ ከጎን በስልክ ካሜራ ማንሳትና ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን መለካት ይቻላል፤ ከ90 ዲግሪ በላይ ከሆነ ገጹ ውሃ መላሽ ይባላል። በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከሌሞ ቀበሌዎች ሩቅ አይደለም። በጎመን ዘር፣ በኑግና በሰም የተሟሹ ምጣዶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከስንት ጋገራ በኋላ መጣበቅ እንደሚጀምሩ መመዝገብ አንድ የማስተርስ ጽሑፍ ይወጣዋል። ለናሙናው የሚጠየቁትም ምጣዱን የሠሩት ሸክላ ሠሪዎችና ያሟሹት ሴቶች ናቸው፤ ስማቸውም ከፈቀዱ በጽሑፉ የምስጋና ገጽ ሳይሆን በዘዴው ክፍል ሊሰፍር ይገባል።