ድምፁ በየት በኩል መጣ?



በዚህ ወር ዝግጅታችን በየቤታችን ከገባ ስለቆየ፣ ነገር ግን እምብዛም ስላልተወያየንበት አንድ ጉዳይ እናወጋችኋለን። ይኸውም በስልክ ሬዲዮ ማድመጥ ነው። ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። እኛም ቀላል መስሎን ቆይቷል፤ በሉማሜ አንድ ምሽት ጾማችንን ልናበላሽ ጥቂት እስኪቀረን ድረስ።

ነገሩ የሆነው በ1442ኛው ዓመተ ሂጅራ ረመዷን፣ ማለትም በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. ነበር። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሉማሜ ከተማ፣ በዘመድ ቤት ለኢፍጣር ተጠርተናል። መብራት ከቀትር ጀምሮ ጠፍቶ ስለዋለ በድምፅ ማጉያ የሚሰማ አዛን አልነበረም። ሾርባው ቀርቧል፤ ሳምቡሳው ተሸፍኗል፤ ተምሩም በሳሕን ላይ ነው። የቤቱ የበኩር ልጅ ዐረብ አገር ያለች አክስቱ የላከችለትን፣ ከመጀመሪያዎቹ ስማርት ስልኮች ወገን የሆነ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ሬዲዮ ያዳምጣል። ድንገት ከስልኩ አዛን ተሰማ። ታናሽ እህቱ ተምር አንስታ ወደ አፏ ስታስጠጋ አያታቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆዪ የኔ ልጅ» አሉና ወደ ልጁ ዞረው፣ «የየት አገር አዛን ነው እሱ?» ሲሉ ጠየቁት።

«የአዲስ አበባ ነው አባባ። በሳተላይት ነው የሚመጣው፤ አይሳሳትም።»

ሽማግሌው ብድግ ብለው በሩን ከፈቱ። በምዕራብ በኩል ፀሐይ ገና ሙሉ ሆና ትታይ ነበር። «ሳተላይቱስ አልተሳሳተ ይሆናል፤ የእኛ ፀሐይ ግን አልገባችም» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እኛም ተምራችንን ወደ ሳሕኑ መልሰን ጠበቅን። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ፀሐይዋ ስትገባ ቢስሚላህ ብለን አፈጠርን።

ውድ አንባቢያን! አንድ ቃል ሲነገረን «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን ሰማው?» ብሎ ሰነዱን መጠየቅ ከዑለሞቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ታዲያ በስልካችን ወደ ጆሯችን የሚገባው ድምፅ በየት በኩል አልፎ እንደመጣ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? ያ ልጅ «በሳተላይት» ያለው ድምፅ ወደ ስልኩ የገባው ከሳተላይት አልነበረም። ከስቱዲዮው ወጥቶ፣ በኢንተርኔት መስመር ተጉዞ፣ የሞባይል ማማ ዘንድ ደርሶ፣ ከማማው ወደ ስልኩ የገባ ነው። ለልጁ ግን ከሩቅ የመጣ ነገር ሁሉ «ሳተላይት» ነው። በዚህ የተሳሳተውም እሱ ብቻ አይደለም።

እውነተኛው የሳተላይት ሬዲዮ ሌላ ነው። ታሪኩም ከአገራችን ጋር የተያያዘ በመሆኑ ወጣቶቻችን ቢያውቁት መልካም ነው። አዲስ አበባ የተወለዱት አቶ ኖህ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ በአሜሪካ አቋቋሙ። ያን ጊዜ ኤድስ በአፍሪካ እየተስፋፋ ነበር። መረጃ ያልደረሰው የገጠር ሰው ራሱን እንዴት ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ለሐሳባቸው መነሻ እንደሆናቸው በተለያየ ጊዜ ተናግረዋል። ያሰቡት መፍትሔ በየተራራው ማማ ከመትከል ይልቅ አንድ ማሠራጫ ወደ ሰማይ መስቀል ነበር።

ሐሳቡም ሐሳብ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1998) በአሪያን ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ተተኮሰች። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብራ ስለምትዞር፣ ከታች ሆኖ ለሚያያት በአንድ ቦታ የቆመች ያህል ነበረች። በተከታዩ ዓመት ሥርጭቷ ተጀመረ። አድማጩ የሚያስፈልገው ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ሬዲዮና ወደ ሰማይ የሚዞር አነስተኛ አንቴና ብቻ ነበር። የስልክ መስመር አይሻም፤ ማማም አይሻም። ሰማይ በግልጽ እስከታየ ድረስ በከተማም በቆላም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ኤዥያስታር የተባለችው ሁለተኛዋ ሳተላይት ለእስያ ተላከች።

ይህን የመሰለ አገልግሎት ለምን በየጎጆው አልገባም? ዋናው ምክንያት ዋጋው ነው። መቀበያው ሬዲዮ ሲጀመር ከ200 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ድምፁ ለድሃው ታስቦ ከሰማይ ወረደ፤ የሚቀበለው ዕቃ ግን ከድሃው እጅ ራቀ። በኋላም አገልግሎቱ በክፍያ ሲሆን አብዛኞቹ ደንበኞች የተገኙት በአፍሪካ ሳይሆን በሕንድ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ። በሕንድ የነበረው አገልግሎትም በ2009 መጨረሻ ተቋረጠ።

ወርልድስፔስ በአሜሪካ ኤክስኤም ለተባለው የሳተላይት ሬዲዮ መመሥረትም ድርሻ ነበረው። ኤክስኤም እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ጀመረ፤ በ2008 ተቀናቃኙ ከነበረው ሲሪየስ ጋር ተዋሐደ። በጁን 2009 ደግሞ ጣቢያዎቹን በአይፎን ስልክ ለማዳመጥ የሚያስችል አፕሊኬሽን ወጣ። ያን ጊዜ አይፎን ራሱ ለገበያ ከቀረበ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው «የሳተላይት ሬዲዮ ስልኬ ውስጥ ገባ» አለ። ነገር ግን ስልኩ የሳተላይቷን ሞገድ የሚቀበል አንቴና አልነበረውም። ጣቢያው ያው፣ አንባቢው ያው፣ መንገዱ ግን ሌላ ነበር። በመኪና ያለው ሬዲዮ ሰማይ ሲሸፈንበት ዝም ይላል፤ ስልኩ ግን የሚዘጋው ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። የሉማሜው ልጅ የተሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

«ድምፁ እስከተሰማ ድረስ በየትም ቢመጣ ምን ቸገረን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚቸግረን በሦስት ነገሮች ነው፤ በገንዘብ፣ በሰዓትና በመቋረጥ።

ከገንዘቡ እንጀምር። ተራው ሬዲዮ አንድ ሰው ቢያዳምጠው ሺህ ሰው ቢያዳምጠው ከባትሪ ድንጋይ በቀር ወጪ የለውም። በኢንተርኔት የሚመጣ ድምፅ ግን በደቂቃ ይቆጠራል። በሰኮንድ 64 ኪሎቢት የሚላክ መካከለኛ ጥራት ያለው ድምፅ በአንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ዳታ ይበላል። አንድ ወጣት በቀን ሁለት ሰዓት ቢያዳምጥ በወር ከ1,700 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። በአንድ ቤት ሦስት ልጆች አንዱን ጣቢያ በሦስት ስልክ ቢያዳምጡ ደግሞ ሦስት እጥፍ ነው። ይህ ገንዘብ የሚወጣው ከወላጅ ኪስ ነው። ማባከን የተነቀፈ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስታወስ አያሻንም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ድምፅ ወደ ሳተላይት ወጥቶ እስኪመለስ የሚፈጅበት ጊዜ የሰኮንድ ሩብ ያህል ነው። በኢንተርኔት ሲመጣ ግን ስልኩ ድምፁ እንዳይቆራረጥ አስቀድሞ ስለሚያጠራቅም በብዙ ሰኮንዶች ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የቦታው ርቀት ነው። ሉማሜ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብና በስተሰሜን ስለሆነች ፀሐይ በአዲስ አበባ ከገባች በኋላ ገና ትታይባታለች። በዚያ ሚያዝያ ልዩነቱ አራት ደቂቃ ያህል ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ አዛን ያፈጠረ የሉማሜ ሰው ሳይመሽ አፈጠረ ማለት ነው። በምሥራቅ ላለው ወገናችን ደግሞ ነገሩ በሱሑር ላይ ይብሳል። ሐረር ከአዲስ አበባ 13 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። የሐረር ሰው የአዲስ አበባን የሱብሒ አዛን በስልክ እየጠበቀ ቢበላ፣ ፈጅር ከገባ በኋላ በላ ማለት ነው። ጥፋቱ የአዛን አድራጊው አይደለም፤ እሱ ለከተማው ሰው በትክክለኛው ሰዓት ተጣርቷል። የተሳሳተው የሌላውን አገር ጥሪ የራሱ ያደረገው ሰው ነው።

ሦስተኛው መቋረጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋና ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ሬዲዮውን ሁሉ ወደ ስልኩ ያዛወረ ቤት ጆሮው ተደፈነ። አሮጌ ሬዲዮ ያልጣለ ቤት ግን ባትሪ ገዝቶ ወሬ ይሰማ ነበር። አባቶቻችን እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረውን የጀርመን ድምፅ፣ ኋላም በ1982 የተጀመረውን የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ ሲከታተሉ፣ ሞገዱ ድንበርና ተራራ ተሻግሮ ይደርሳቸው ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ትንሽ ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ የየቤቱ ብልሃት እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ይህን ስንል ስልክን እየነቀፍን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ስልኩ አቶ ኖህ ሳማራ በሳተላይት ያሰቡትን ብዙውን ነገር በሌላ መንገድ ፈጽሞታል። ቀደም ሲል ከከተማ ውጪ የማይገኝ ትምህርት ዛሬ በእረኛ ኪስ ይገባል። የምንለው ዕቃውን ከነመንገዱ እንወቀው ነው። ለዚህም ለቤተሰቦች የሚከተለውን እንመክራለን።

በመጀመሪያ፣ የኢፍጣርንና የሱሑርን ሰዓት በምትኖሩበት ከተማ ፀሐይና ለዚያው ከተማ በተሠራ የሰዓት ሰሌዳ ያዙ። ከሌላ ከተማ የሚመጣ አዛን ለማድመጥ እንጂ ለማፍጠር አይሁን።

ሁለተኛ፣ ደጋግማችሁ የምትሰሙትን አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በሚሞሪ አስቀምጡት። ሙሉ ቁርኣን በሠላሳ ሰዓት ቢነበብ፣ ቀደም ባልነው ጥራት ከ900 ሜጋባይት አይበልጥም፤ አንዲት ትንሽ ካርድ ትበቃዋለች። ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል ሑሰሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያስቀዱትን ቂራኣ ዛሬ በየዕለቱ ዳታ እየከፈሉ መስማት አያስፈልግም። አንዱ ያወረደውን ለጎረቤት በብሉቱዝ ቢያስተላልፍ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ሰፈሩ ሁሉ ይጠቀማል።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁ የራሱ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ካለው ተጠቀሙበት። የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና ይዞ ሞገዱን ከአየር ስለሚቀበል፣ ጣቢያው በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ዳታ አይቆጥርም። ብዙ ወጣቶች ይህ በስልካቸው መኖሩን ሳያውቁ ለዚያው ጣቢያ ዳታ ሲከፍሉ አይተናል።

በመጨረሻም፣ አንድ ሬዲዮ ለቤቱ ይኑር። ሬዲዮው መደርደሪያ ላይ በነበረ ጊዜ አያት፣ አባትና ልጅ አንድ ነገር ሰምተው ስለሰሙት ይጨዋወቱ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ጆሮውን ደፍኖ የየራሱን ሲሰማ፣ ልጁ ስለሰማው ነገር «ይህ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እያለ አይጠይቀውም። በዚያ ምሽት አዛኑ በጆሮ ማዳመጫ ቢሰማ ኖሮ ልጁ ብቻውን ያፈጥር፣ አያቱም ምንም አይሰሙ ነበር። ያዳነን ድምፁ ለሁላችን መሰማቱና የሚጠይቅ ሽማግሌ በመካከላችን መኖሩ ነው።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ልጁ ትንሽ ቅር ብሎት ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አያቱ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ «በል እስቲ ያን ስልክ ክፈተው፤ አዲስ አበባዎች ምን ይላሉ?» አሉት። ልጁም ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን በሰሐኖቹ መካከል አቆመው። እኛም ሻያችንን እየጠጣን አብረን አደመጥን።

የሰማነውን የምናስተውል፣ የምናስተውለውንም የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።