ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላስ? የልጆች የደም መርጋትና የክትትሉ ርቀት

ደም ባይረጋ ኖሮ ትንሽ ቁስል ሕይወት ያሳጣ ነበር። አደጋ የሚሆነው ደም ያለ ቦታው፣ በልብ ወይም በደም ሥር ውስጥ ሲረጋ ነው። ብዙዎች ይህን የአዋቂዎች ችግር ብቻ አድርገው ያዩታል፤ ሕፃናትን ግን አይምርም። በጨቅላ ሕፃናት ላይ በአብዛኛው የሚከሰተው ለሕክምና ሲባል በትልልቅ የደም ሥሮች ውስጥ ከሚገባ ቀጭን ቱቦ ጋር ተያይዞ ነው። ከፍ ባሉ የሀገራችን ልጆች ላይ ደግሞ አንዱ ትልቅ ስጋት ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የልብ በሽታ ነው።

ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ልብ እንዲያጠቃ ሊያደርግ ይችላል። የልብ በሮች ይጠብባሉ፤ ወይም በትክክል መዝጋት ይሳናቸዋል። ከጠበበ በር ኋላ የተከማቸ ደም እንደታገደ የመስኖ ውኃ ይቆማል፤ ሲቆምም ይረጋል። ከረጋው ደም ተቆርሶ ወደ አንጎል የሄደ ቁራጭ ስትሮክ ያስከትላል።

በሩ ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል እንዲህ ያሉ ልጆችን ያክማል። ሰው ሠራሽ የብረት በር የተገጠመለት ልጅ ግን ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ዕድሜውን ሙሉ መውሰድ አለበት። መድኃኒቱ ካነሰ ደሙ ይረጋል፤ ከበዛ ልጁ ይደማል። ሚዛኑን የሚያሳየው አይ ኤን አር የተባለው የደም ምርመራ ነው።

ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ምርመራው መጠኑ እስኪስተካከል ድረስ በየሳምንቱ፣ ከዚያም በየወሩ ገደማ ሊያስፈልግ ይችላል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መመላለስ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ የእርሻ ቀንና የትምህርት ሰዓት ያስከፍላል። በብዙ ድካም የተገኘ ቀዶ ሕክምና በክትትል እጦት እንዳይባክን ምርመራው ወደ ቤተሰቡ መቅረብ አለበት። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጥ አነስተኛ መሣሪያ ስላለ፣ በየወረዳው ሆስፒታል ማዳረሱ ሊታሰብበት ይገባል። ተደጋጋሚ ምርመራ የማይሹ አዳዲስ መድኃኒቶች ቢኖሩም ለብረት በር ምትክ አይሆኑም፤ ዳቢጋትራን የተባለው በአዋቂዎች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ውጤት ከዋርፋሪን ይልቅ መርጋትንም መድማትንም አብዝቷል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። መድኃኒቱ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሰጥ። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ በጾም ወራት በአንዴ ማብዛት፣ በፍስክ ጨርሶ መተው ሚዛኑን ያዛባል፤ መጠኑን ማቀራረብ ይበጃል። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም የባህል መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥ። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር። የማያቋርጥ ደም፣ ጥቁር ሰገራ፣ ድንገተኛ የፊት መጣመም ወይም የእጅና የእግር መዛል ከታየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ከምንጩ መግታት ነው። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ለመድማትና ለሌላ ቁስል ያጋልጣል እንጂ። ጤና ጣቢያ ወስዶ ማሳከም፣ በሽታው አንድ ጊዜ ልብን ከነካ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚታዘዘውን የፔኒሲሊን መርፌ አለማቋረጥ የልጁን ልብ ከቀዶ ሕክምና ሊያድን ይችላል።