የመጋዘኑ ጥግ ለልጆቹ ይሰጥ



በኮሚቴው ስብሰባ የቀረበውን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሦስት የሰፈራችን ልጆች በሪሌ የሚሠራ የመደመሪያ ማሽን ጀምረዋል፤ የቤታቸው ጠረጴዛ ስለጠበባቸው ከማኅበሩ መጋዘን አንድ ጥግ ይፈቀድልን ብለዋል። «በየኪሱ ሞባይል እያለ ይሄ ምን ይረባል? መጋዘኑ የድንኳንና የወንበር ነው» ያሉ አባቶች አሉ። እኔም መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ሐሳቤን የቀየርኩት ሄጄ ካየሁ በኋላ ነው።

ሪሌን ሾፌሮች ታውቁታላችሁ፤ በጡሩንባና በመብራት መስመር ላይ የሚገጠመው፣ ሲነሳ ቀጭ የሚለው ነው። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ትንሽ ብረት ይስባል፤ ብረቷም አንዱን መስመር ለቃ ሌላውን ትነካለች። በቃ ይኸው ነው። ልጆቹ ግን ከዚህች ሂሳብ አውጥተውባታል። ሁለት ማብሪያ አለ። አንዱን ብቻ ስትጫኑ የቀኙ አምፖል ይበራል፤ ሁለቱንም ስትጫኑ የቀኙ ይጠፋና የግራው ይበራል። ይሄ እኮ አንደኛ ደረጃ «አንድ በእጄ» እያልን የተማርነው ነው! እኛ አሥር ሲሞላ ወደ ግራ እናሳልፋለን፣ ማሽኑ ሁለት ሲሞላ ያሳልፋል። ሞባይሉም የሚደምረው እንዲሁ ሁለት ሲሞላ እያሳለፈ ነው፤ እዚያ ግን አይታይም፣ አይሰማም።

አሁን ሦስት አሃዝ አድርሰውታል። እኔ ባለሁበት 3 እና 1 ደምሩ ብላቸው ማሽኑ 2 አለ። ሳቅሁ፤ እነሱ አልሳቁም። ትንሹ ልጅ ጆሮውን ጣል አድርጎ የቱ ሪሌ እንዳልጮኸ ለየ፤ ለእሱ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ሪሌ ክዳኑ ሲከፈት የመነካኪያዋ ጫፍ በብልጭታ ጠቁራለች። ጠረጋት፣ 4 ወጣ። የጠፋችው ያቺ «በእጄ» ነበረች። ስልካችን ሲበላሽ ከፍተን ጥፋቱን በጆሮ የምናገኝ ማን አለን?

ነገሩ በእኛ ልጆች አልተጀመረም። ጆርጅ ስቲቢትዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1937 በሁለት የስልክ ሪሌ፣ በእጅ ባትሪ አምፖሎችና ከትምባሆ ጣሳ በተቆረጠ ቆርቆሮ እንዲህ ያለ መደመሪያ የሠራው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጀርመናዊው ኮንራድ ዙሰም የመጀመሪያ ማሽኑን፣ ያኛው እንኳ ከብረት ዝርግ የተሠራ ነበር፣ የገጣጠመው በወላጆቹ ሳሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ከ2000 በላይ ሪሌ ያለው ኮምፒዩተር በርሊን ላይ አሠራ። ወላጆቹ ሳሎናቸውን አልከለከሉትም።

እሳት ይነሳል ለምትሉ፣ ስጋታችሁ ትክክል ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንዳይገናኝ፣ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ብቻ እንዲሠራ፣ ባትሪው ላይ ፊውዝ እንዲገባና ቻርጁ ውጭ እንዲሆን ብዬ ጽፌ አቅርቤአለሁ። ሃያ ሪሌ አንድ ላይ ቢነሳ 3 አምፔር ያህል ነው የሚስበው፤ ነገር ግን ሽቦ ከሽቦ ከተነካካ ባትሪም ያቃጥላል። ስለ ጩኸቱ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይሠራም።

ውሳኔው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የምትቃወሙም ብትሆኑ ኑ። አሮጌ የመኪና ሪሌ ያላችሁ ባለ አምስት እግሩን ይዛችሁልኝ ኑ። ባለ አራት እግሩ መስመር ስለማይቀይር አይሆናቸውም።

የማኅበሩ ጸሐፊ