ሻንጣዋን አትመዝኑ

የእድራችን አባላት፣ እኩዮቼ፤ ይህን የምናገረው ለወጣቶቹ አይደለም። እነሱ የሚያዩትን ያደርጋሉ፤ የሚያዩት ደግሞ እኛን ነው።

ከአረብ አገር ልጅ በተመለሰች ቁጥር ሰፈሩ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ምን ይዛ መጣች? ለምን ተመለሰች? ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቷል። «እዚያ ምን ስትሠራ እንደከረመች ማን ያውቃል» እየተባለ በስሟ ቡና ይጠጣል። ጎረምሶች ቢሉት ዝም ባልኩ። የምትሉት ግን ጋቢ ለብሳችሁ ሽምግልና የምትቀመጡት ናችሁ።

«ለምን አልታገሠችም?» ለምትሉ ልንገራችሁ። ከፋላ የሚሉት ሥርዓት የልጅቷን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስረዋል። ከማዳሟ ቤት አምልጣ ከወጣች ወዲያው ሕገወጥ ትባላለች። ፓስፖርቷ የሚቆለፍባት፣ ስልኳ የሚነጠቅባት፣ ደመወዟ ለወራት የሚያዝባት ብዙ ናት። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባርረው ገቡ። በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ የቤይሩት አሠሪዎች ልጆቻችንን አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ መንገድ ላይ አደሩ። ከእነዚህ አንዷ ጎረቤታችሁ ልትሆን ትችላለች። ያቺ የምታሟት ልጅ በላከችው ብር ደግሞ ወንድሟ ተምሯል፣ የአባቷ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል።

እኛ እኮ የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ያየን ነን። በመስከረም 77 አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አሸብርቃ ስትደግስ ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር። የዚያን ጊዜ ሹማምንት እንዴት አላዩም እያልን እስከ ዛሬ እንወቅሳለን። እኛ አጥር ሥር ያለውን ሳናይ ስንቀር ከእነሱ በምን ተሻልን?

የሰው ችግር መሰማት በዕድሜ ብቻ አይመጣም፤ ይለመዳል። ሄዳችሁ ከተመለሰችው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። አትመርምሩ፣ ስለ ትዳር አታንሡ። ካወራች ስሙ፤ ካላወራችም ቡናውን ጠጥታችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። እንቅልፍ ካጣች፣ ብቻዋን ከተናገረች «ለክፏት ነው» ብላችሁ አትደምድሙ። ጠበሉን አልጠላም፤ አማኑኤል ሆስፒታልም ግን አለ።

«እድር ለቀብር ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በ90ዎቹ ኤድስ ሰፈሩን ሲያራቁት ደንባቸውን ቀይረው ለታመሙና ወላጅ ላጡ ልጆች የደረሱ እድሮች ነበሩ። ያኔ የተቻለውን ዛሬ የሚከለክለው የለም።

በመጪው ስብሰባ ሐሳቤን አቀርባለሁ፦ የአባል ልጅ ከስደት ስትመለስ ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቃት፤ መታከሚያ ካጣች ከካዝናው ይውጣላት። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን አባቷ በተቀመጠበት ቆሞ ይናገር።