ዘንጉ በማን እጅ ነው?

«ቤንዚን የለም» ይላል ካርቶኑ። ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈው ባለ ታክሲ ምን ይመልስ? ታንከሩ መሬት ውስጥ ነው። ዘንግ ነክሮ ሆዱን የሚያውቀው ማደያው ብቻ ነው። ሻጩም እሱ፣ ለኪውም እሱ፣ ምስክሩም እሱ! ሲመሽ ደግሞ «አልቋል» የተባለው ቤንዚን በጀሪካን ሲወጣ እናያለን።

በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰሎቹ እንዲሆን ተደረገ። መልካም፤ የገዢው እያንዳንዱ ሊትር ተመዘገበ። የታንከሩስ? ከውስጥ ተገጥሞ የነዳጁን ከፍታ፣ ሙቀቱንና ከሥር የተኛውን ውኃ ቀን ከሌት የሚያነብ መሣሪያ ከተሠራ ቆይቷል።

ባለ ማደያው «ብርድ ነው የቀነሰው» ይል ይሆናል። እውነት አለው፤ 20 ሺህ ሊትር ቤንዚን በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 100 ሊትር ያህል ይሸሻል። 500 ቢጎድልስ? ቦቴው ያራገፈው፣ ማሽኑ የቀዳው፣ ታንከሩ ውስጥ የቀረው ተደምሮ ተቀንሶ ካልገጠመ ወይ ሌባ አለ፣ ወይ ቀዳዳ አለ።

ቀዳዳው ከሌባው ይብሳል። ሌባ የሚወስደው ገንዘብ ነው፤ የዛገ ታንከር የሚያንጠባጥበው ግን ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶችም እንደምትጠጣ አንርሳ እንጂ!

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚሉ አይጠፉም። የተበከለ ጉድጓድ ማጽዳት ይረክስ ይመስል! እንግዲህ ንባቡ ለባለ ማደያው ብቻ ሳይሆን ለተቆጣጣሪውም በቀጥታ ይድረስ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ዘንጉን ከአንድ ሰው እጅ አውጡልን!