«ወገቤን ነው»

እዚህ ሆላንድ ወደ አኩፓንቸር፣ ማለትም ወደ መርፌ ሕክምና፣ የሚሄደውን አበሻ ጠይቁት፤ «ወገቤን ነው» ይላችኋል። አለዚያ ትከሻ ነው፣ አለዚያ ራስ ምታት። እንቅልፍ እምቢ ብሎት፣ ልቡ እየመታ፣ ሰው እያስጠላው እንደሄደ የሚናገር የለም። ወገብ ለማኅበር ወሬ ይመቻል፤ ድብርት አይመችም።

መርፌው ራሱ ወደዚህ አገር የመጣው በዚሁ በር ነው። የዴቬንተሩ ተወላጅ ሐኪም ዊለም ተን ራይነ በደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተቀጥሮ ከ1674 እስከ 1676 እ.ኤ.አ. በጃፓኗ ዴጂማ ኖረ። ያየውን በ1683 በላቲን አሳተመ፤ «አኩፓንቸር» የሚለው ስም ለአውሮፓ የደረሰውም በእሱ ነው። የመጽሐፉም ጉዳይ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበር።

ሰዉ መርፌውን ለምን እንደሚወደው ይገባኛል። ሃይስአርትሱ፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪሙ፣ የሚሰጣችሁ አሥር ደቂቃ ነው፤ ያውም በደችኛ። መንግሥት ለሕክምና አስተርጓሚ መክፈሉን በ2012 ካቆመ ወዲህ በየቤቱ አስተርጓሚው ልጅ ሆኗል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ «መኖር ሰልችቶኛል» የምትል እናት የት አለች? «ጨጓራዬን» ብላ ትወጣለች። መርፌው ቤት ግን ምላስ ታይቶ፣ የደም ሥር ተዳብሶ አልጋ ላይ መጋደም ነው። ከታሸገ ወረቀት የወጡ ቀጫጭን መርፌዎች ቅንድብ መሃል፣ አንጓ ላይ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይሰካሉ። ከዚያ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ጸጥታ ነው፤ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚል የለም።

ይሠራል ወይ? በእንግሊዝ በ755 የድብርት ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት አለ። መርፌ የተጨመረላቸው በሦስት ወር ውስጥ መደበኛ ክትትል ብቻ ካገኙት ይልቅ ቀለል ብሏቸዋል፤ የንግግር ምክር ያገኙትም እንዲሁ። በ2018 ኮክሬን 64 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር ግን፣ ከማስመሰያ መርፌ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ አነስተኛ፣ የማስረጃውም ጥራት ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ያድናል ብሎ መማልም አይቻልም።

ስለዚህ መወጋቱን አልቃወምም። የምቃወመው መደበቂያ ሲሆን ነው። ለወገብ ብሎ የተጋደመ ሰው ስለ ድብርቱ ማንም አይከታተለውም፤ ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ ቢያቆም የሚያውቅበት የለም። ሒሳቡም አያዋጣም። አኩፓንቸር በመሠረታዊው ኢንሹራንስ አይሸፈንም፤ ተጨማሪ ኢንሹራንስ የሌለው ሙሉውን ከኪሱ ይከፍላል። ሃይስአርትሱንና እዚያው ቢሮ የምትቀመጠውን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማነጋገር ግን ከ385 ዩሮው አይገን ሪሲኮ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት በየዓመቱ ከኪስ ከሚወጣው ድርሻ፣ ላይ አንድ ሳንቲም አይነካም። ወደ ስፔሻሊስት ለመድረስ ወረፋው ረጅም ነው፤ ወረፋ የሚያዘውም በሃይስአርትሱ ደብዳቤ ስለሆነ ቶሎ መናገር ይሻላል። ሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቀንም ሌሊትም ራስን የማጥፋት መከላከያ መስመሩ ጋ፣ 113 ይደወላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። መርፌውን የወደደ ይወጋ፤ ለሃይስአርትሱም ስለ መርፌውም ስለ ድብርቱም ይንገር። ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ። ልጁ ትምህርት ቤቱ ይሂድ።